ሞተሃልና ደብዳቤ አትጻፍ

ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አጠና ተራ
በፖስታ

ለወንድሜ ለአቶ ተክለማርያም፣ ጅቡቲ ይድረስ፤

ከሁሉ በፊት አብዮታዊ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ከኋላው ደግሞ የቀራንዮው መድኃኔዓለም ይከተልህ። ሁለቱን በአንድ ፖስታ የላክኋቸው ቴምብር ለመቆጠብ ነው። እኔም፣ ልጅህ ዋጋነሽም፣ ጎረቤቱም፣ አጠና የምጭንባት አህያዬም ደህና ነን።

አሁን ተቀመጥ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ወንበር ከሌለ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። አስጽፌ አይደለም፤ በዚህ የእድር ጥሩምባ ሲይዝ በኖረው እጄ ነው። የማታውን የመሠረተ ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ሰው ሲገባ እንዲያየው መብራቱን ወደዚያ አዙሬዋለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ማን ነው ብለህ ብትጠይቅ መልሱን ለትሕትና ስል እተወዋለሁ፤ ግን ፊደሉን አብረውኝ ከሚማሩት ሽማግሌ ከአባባ ነገሬ ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ነው ሰሞኑን የሚያኮርፉኝ። በአዲስ አበባ ስንት እድር አለ፤ የተማረ ጥሩምባ ነፊ ያለው ግን የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ያስተማረችኝ ማን መሰለችህ? ያንተው ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ጠመኔ ይዛ ስትቆም ግን የጦር ኃይሎች መኮንን ትመስላለች። «ጋሼ መኳንንት፣ ከመስመር አይውጡ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ከመስመር ወጥቼ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ቀን ትማራለች፣ ማታ ታስተምራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀበሌ ጠርቷት ጽሕፈት ታግዛለች። ይህን የመጨረሻውን ብዙም አልወደደችውም። ትንሽ ከስታለች። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ እጄ ደከመ።

ከቻልክ ጥሩ እስክሪብቶ ላክልኝ። የዚህኛው ቀለም የሚፈሰው እኔ ስመካ ብቻ ነው።

ወንድምህ መኳንንት


ታኅሣሥ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.
ጅቡቲ
በፖስታ

ለውድ ወንድሜ ለመኳንንት፤

በዚህ ሙቀት ውስጥ ሆኜ የኮልፌን ብርድ እየተመኘሁ ሰላም እልሃለሁ። እግዚአብሔር ጤናችሁን ያብዛው።

ደብዳቤህን ሳነብ ስስቅ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ምን ነካው ብሎ ወጥቶ አየኝ። ዳቦ ለሚገዙት የባሕር ሰዎች ሁሉ «ወንድሜ ጻፈልኝ» ብዬ አሳየኋቸው። አማርኛ የሚያነብ አንድም የለም፤ ግን ፊደሎችህ ትልልቅ ናቸው ብለው አደነቁ።

ሆኖም መኳንንት፣ እኔና አንተ የአክስት ልጅ ብንባልም በአንድ ቤት ነው ያደግነው። እጅህ የሚደክመው የት ቦታ ላይ እንደሆነ አይቻለሁ። የአህያህን ጤንነት በደንብ ነግረኸኝ ልጄ ለምን እንደከሳች አልነገርከኝም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአንተ በቀር ሰው የላትም፤ እኔም ከእሷ በቀር የለኝም። ድሮ በየወሩ ትጽፍልኝ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ዝም ብላለች። በእሷ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ላክልኝ። ስለ ምንም ይሁን፤ ዝናብ ዘነበ ትበለኝ።

እስክሪብቶውን ሰው ሳገኝ እልካለሁ። አንተ ግን መጀመሪያ እሷን አስጽፍልኝ።

የሚወድህ ተክለማርያም


ጥር 28 ቀን 1973 ዓ.ም.
ኮልፌ
በጀላል እጅ የሚላክ፤ ፖስታ ቤት የማያየው

ለወንድሜ ለተክለማርያም፤

ነፍስ ይማር። አትደንግጥ፤ ሞተሃል። ካለፈው እሑድ በፊት ባለው እሑድ ሞተሃል፤ ድንኳን ተተክሎልሃል፣ ንፍሮህ ተበልቷል፣ ደረት ተመትቶልሃል። ልጅህ በሕይወት አለች። አንተን የገደልንህም እሷ እንድትኖር ነው።

ጀላል የጭነት መኪና ነጂ ነው። ከእኔ አጠና እየገዛ ወደ ድሬዳዋ ይወስዳል፤ ወረቀት አደራ ብትሰጠው አይከፍትም፣ አያስከፍትም። ስለዚህ ዛሬ እጄ አይደክምም። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ የሆነ ገብረማርያም የሚባል ሰው አለ። ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፎ የሚሄድ ነው። ይህ ሰው ማንበብም መጻፍም አይችልም። ከልጅህ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ኃላፊ ሆኖ እንዴት ይማር፤ ከነአባባ ነገሬ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሀ ሁ ቢል ሰው ይስቅበታል። ስለዚህ ዋጋነሽን «ጽሕፈት አግዢ» እያለ ይጠራታል። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ማኅተም ይመታል። ታዲያ የምትጽፈው የሰፈሩን ሰው የመያዣ ትእዛዝ ነው። ልጅህ የከሳችው በዚህ ነበር፤ ለእኔም የነገረችኝ በመጨረሻው ሰዓት ነው።

ከጥምቀት በኋላ ያስጻፋት ስም የቀጄላ ሆነ። ቀጄላ የወይዘሮ ጉዲቱ ልጅ ነው፤ አብራኝ የምትማረው፣ ኮልፌ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው ሴት። ሌላ ልጅ የላትም። ወረቀት በትኗል ተብሎ በዚያው ሌሊት ከቤቱ ሊወሰድ ነው። ገብረማርያም ካስጻፈ በኋላ ዋጋነሽን ከዓይኑ አላራቃትም። ከቢሮው ራሱ፣ ምስክር ወረቀት ከያዝን በኋላም ለክለሳ ወደምንሰበሰብበት ክፍል አመጣትና በሩ ላይ ቆመ፣ የክብሪት እንጨት እያኘከ። ወይዘሮ ጉዲቱ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ግን እንዴት ይነገራታል?

ልጅህ ጠመኔዋን አነሣችና ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ላም ወተት ትሰጣለች። ዶሮ ጥሬ ትለቅማለች። ቀጄላ ዛሬ ቤቱ አይደር። ጤፍ በመስከረም ያብባል።

ከዚያ ዞር ብላ «ዛሬ ድምፅ ማውጣት የለም። የተማረ ሰው በልቡ ነው የሚያነበው» አለች።

እኛ በልብ አንብበን አናውቅም። ሁላችንም የምናነበው እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ እየጮህን፣ እየተወዛወዝን። ያን ዕለት ክፍሉ ጭጭ አለ። እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። ወይዘሮ ጉዲቱን አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ቆመ። አንገቷን እንኳ አላዞረችም። እንዲህ ዓይነት ሴት ነች።

ታዲያ አባባ ነገሬ የሚባሉ መከራ አሉ አይደል። በልብ ማንበብ አልሆነላቸውም። ዝምታው መሐል «ቀ...ጄ...ላ» ብለው ለቀቁት፣ ያውም በኩራት።

ገብረማርያም ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። «ምንድነው ያሉት ሽማግሌው?»

«ዛሬ የየተማሪውን ልጅ ስም ነው የምንጽፈው» አለችው፣ ፊቷ ሳይለወጥ። ሰሌዳውን በእጅጌዋ ጠረገችና «አባባ ነገሬ፣ የእርስዎ ደግሞ ማን ነበር የመጀመሪያው?» ብላ ቀጠለች። እሳቸውም ልጆቻቸውን ሁሉ ቆጥረው እስኪጨርሱ ሰዓቱ አለቀ።

ሊወስዱት ሲመጡ ቀጄላ የለም። ያን ስም የሚያውቁት ሰውየውና ልጅህ ብቻ ናቸው። ለማሰብ ብዙ አልፈጀበትም። በማግስቱ መንገድ ላይ አስቁሞ «ሰኞ የከፍተኛ ቀበሌው መኪና ይመጣል። ልብስሽን ይዘሽ ቀበሌ ጠብቂኝ» አላት። ልብስሽን ይዘሽ ከተባለች የማትመለስ መሆኑን ለአንተ አላስረዳህም።

ቅዳሜ አጠናዬን ስከምር መጣች።

«ጋሼ፣ አባቴ ሞተ» አለችኝ።

አጠናው እግሬ ላይ ወደቀ፤ እስካሁን አነክሳለሁ። «መቼ ሰማሽ?»

«አልሰማሁም። እርስዎ ነዎት ነገ ጎሕ ሲቀድ የሚያረዱኝ። ውጭ አገር ለሞተ ሰው ሬሳ የሚጠይቅ የለም። ሐዘን ላይ የተቀመጠች ልጅን ከድንኳን ውስጥ የሚወስድስ ማን አለ?»

እንግዲህ ዕቅዱ የእኔ ነው ብዬ ለሰው ልናገር አስቤ ነበር። ለአንተ ግን እውነቱን፤ ዕቅዱ የእሷ ነው። ትንፋሹ የእኔ ነው።

ጥሩምባ ያለ እድሩ ዳኛ ፈቃድ አይነፋም። ዳኛችን አቶ ቡልቻ ናቸው። ሄጄ «ተክለማርያም ጅቡቲ ላይ ሞተ» አልኳቸው።

«በምን?»

«በወባ።»

«ወረቀት መጣ?»

«ሰው ነገረኝ።»

ብዙ አዩኝ። እኔ ውሸት ላይ ጎበዝ የነበርኩ ይመስለኝ ነበር፤ እሳቸው ሲያዩኝ ግን ላብ አጠመቀኝ። «ሰኞ የተጠራችው ልጅ አባት ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያውስ ሞቷል» ብለው ጋቢያቸውን አነሡ።

ተክሌ፣ ያን ጠዋት የነፋሁትን ብትሰማው በመሞትህ ትኮራ ነበር። ጦር ኃይሎች ፌርማታ የቆመ ሰው ሰምቶ ኮፍያውን አወለቀ ይላሉ፤ ማን እንዳለው አትጠይቀኝ። ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። አንድ የተሳሳትኩት ነገር ቢኖር ለጠየቀኝ ሁሉ የተለያየ አሟሟት መስጠቴ ነው። ለወንዶቹ በወባ፣ ለሴቶቹ ከመርከብ ወድቀህ፣ ለቄሱ ተናዝዘህ። ሦስቱን ያገናኘ ሰው እስካሁን የለም።

ዋጋነሽ ያለቀሰችው ግን የማስመሰል አልነበረም። በሕይወት እንዳለህ ታውቃለች፤ ቢሆንም ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ወግ ነውና ፀጉሯን ላጯት። ያ ሁሉ ጎፈሬ መሬት ላይ ሲወድቅ ሴቶቹ ጮኹ። እሷ ደግሞ የፈለገችው ይህን ነበር።

ሰኞ ገብረማርያም ከጠባቂዎቹ ጋር መጣ። አቶ ቡልቻ ድንኳኑ በር ላይ ተቀብለው ንፍሮ አስጨበጡትና ዝግ ብለው እንዲህ አሉት። «ልጄ፣ ሠልስት ሳይወጣ ከዚህ ሰው አይወሰድም። እናትህ ከዚህ እድር ናቸው። አምላክ ያቆያቸው እንጂ፣ የእሳቸው ቀን ሲደርስ ይህን ድንኳን የሚተክለው ይኸው የምታየው ሰው ነው።» ገብረማርያም ንፍሮውን በእጁ ይዞ ቆመ። ከዚያ በላና «ማክሰኞ ማታ» ብሎ ሄደ። በር ላይ ሁለት ጠባቂ አቆመ።

ማክሰኞ ድንኳኑ ሲነቀል የእድሩን ዕቃ ለመጫን ጀላል መኪናውን አስጠጋ። ጓዳ ውስጥ ዋጋነሽ የእኔን ካፖርትና ሱሪ ለበሰች። ወይዘሮ ጉዲቱ የእሷን ከል ለብሳ፣ ነጠላ ተከናንባ ማእዘኑ ላይ ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ልጅህ የተላጨ ራሷ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሸክማ ወጣች። መሐል ላይ ወንበሩ አዘነበለባት። ከጠባቂዎቹ አንዱ «አንተ፣ በደንብ ያዘው» ብሎ ጫፉን ደግፎ መኪናው ላይ አወጣላት። እኔ ይህን እያየሁ ምስማር የምነቅል መስዬ ጣቴን ነቀልኩ። መኪናው ሲርቅ ወይዘሮ ጉዲቱ የራሷን ልብስ ለብሳ ከለቀስተኞቹ ጋር ወጣች።

የጀላል ረዳት መታወቂያውን አውሶን እኔ ዘንድ አጠና ሲልጥ ሰነበተ። ተላጭቶ የተነሣ ፎቶ ማንንም ይመስላል። ጀላል ትናንት ተመልሶ ድሬዳዋ እህቱ ቤት አድርሷት እንደመጣ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ከነጋዴዎች ጋር በእግር ወደ አንተ ትመጣለች።

እኔን ረቡዕ ጠሩኝ። «ከሠልስት በኋላ ለአባቷ ወገኖች ልታረዳ አገር ቤት ወረደች» አልኩ። ትንሽ ጥፊ አለበት፤ ጥርሴ ግን በቦታው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። አትጻፍ። የሞተ ሰው አይጽፍም። በፖስታ አንድ ቃል ብትልክ አቶ ቡልቻም፣ ወይዘሮ ጉዲቱም፣ እኔም አንተን ተከትለን እንሄዳለን፤ እኛ ግን የእውነት። እስክሪብቶውንም ተወው።

ወንድምህ መኳንንት


የካቲት 7 ቀን 1973 ዓ.ም.
ጅቡቲ
በባቡር ሠራተኛ እጅ ለጀላል፣ ከጀላል ለመኳንንት

ወንድሜ መኳንንት፤

እግዚአብሔር ይስጥህ ልበል ወይስ ይቅር ይበልህ፤ አላወቅሁትም።

ወረቀትህን ትናንት ተቀበልኩ። የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ሊጥ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከመርከብ ወደቀ ያልካቸውን ሴቶች ንገራቸው፤ እኔ መርከብ ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ግን ይህን ሁሉ ተወው።

አንድ ነገር ሠርቻለሁ። ያንተ ወረቀት ከመድረሱ በፊት፣ ዝምታችሁ ሲበዛብኝ፣ በፖስታ ጽፌ ነበር። ስሜ ፖስታው ላይ አለ። እንደሰማሁ ሮጬ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው «ከረጢቱ በባቡር ሄዷል» አለኝ። ለመንኩት፤ ባቡር አይለመንም አለ። መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። ከዚህኛው ቀድሞ ደርሶ ይሆናል።

ልጄ ደግሞ አልደረሰችም። ከድሬዳዋ የሚመጡ ነጋዴዎችን በየቀኑ እጠብቃለሁ። አንዱ «ባለፈው የመጡት መንገድ ላይ ኬላ አጋጥሟቸው ተበታትነዋል» አለኝ። ሌላው ውሸት ነው አለ። እኔ ዳቦ አቃጥላለሁ። ባለቤቱ ምን ሆነሃል ሲለኝ ሰው ሞቶብኛል አልኩት። ማን? ሲለኝ የራሴን ስም ልናገር ጥቂት ቀረኝ።

የሰማኸውን ሁሉ ላክልኝ። መልካም ባይሆንም ላክልኝ።

ተክለማርያም


የካቲት 15 ቀን 1973 ዓ.ም.
ኮልፌ
በጀላል እጅ

ለወንድሜ ለተክለማርያም፤

እኔ አለሁ። ይህን በመጀመሪያ የጻፍኩት ቶሎ እንድትተነፍስ ነው። ስለ ልጅህ ጀላል የሚያውቀው ከእህቱ ቤት በሰላም መውጣቷን ብቻ ነው፤ ኬላ የሚለውን እሱም ሰምቷል፤ የተያዘ ሰው ስለመኖሩ ግን አልሰማም። እኔ የምጨምረው የለኝም። ቀጄላ ወለጋ ዘመዶቹ ዘንድ ደርሷል፤ እሱን ልንገርህ።

የፖስታው ደብዳቤህ ከማስጠንቀቂያህ ቀድሞ መጣ። ያመጣው ደግሞ ገብረማርያም ነው። ማክሰኞ ቀበሌ አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ። ፖስታህን ከኪሱ አወጣ። ቴምብሩን አይቶ ከውጭ መሆኑን አውቋል፤ ከዚያ በላይ አላወቀም። ለቀበሌው ጸሐፊ እንዳይሰጥ ደግሞ ማንበብ አለመቻሉ ይታወቅበታል።

«አንተ ተምረሃል አሉ» አለኝ።

ዕድሜ ልኬን ተምረሃል ስባል እንደዚያን ዕለት ከፍቶኝ አያውቅም። «አዎ፣ ምስክር ወረቀት አለኝ።»

«አንብበው።»

ከፈትኩት። «ውድ ወንድሜ መኳንንት፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ወፍሬያለሁ» ይላል። ምነው ተክሌ፣ በዚያ ሰዓት ባትወፍር። የልጅህን ስም መስመር አልፈህ መስመር ትጠራለህ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ። «ለሟች ቤተሰቦች። እኔ የሟች አቶ ተክለማርያም የሥራ ባልደረባ ስሆን፣ ወንድማችንን በክብር መቅበራችንን ስገልጽ ከልብ እያዘንኩ ነው። ሲያርፍ ስማችሁን እየጠራ ነበር...» አልኩና ሄድኩ። ፈጠራው ሲጥመኝ እንዴት እንደምሆን ታውቃለህ። የተከተለህን ሕዝብ ብዛት ተናገርኩ። የአክሊል አበባ አስቀመጥኩልህ። የመርከብ ፊሽካ አስነፋሁልህ።

ገብረማርያም እጁን አነሣ። «ቆይ። የማታ ትምህርት የጨረስከው ትናንት ነው። እንደ ሬዲዮ ነው የምታወርደው?»

እዚያ ላይ ነፍሴ ወጣች። ይህን ሁሉ ዓመት ስመካ ያልተያዝኩ ሰው፣ አሁን ባልተጻፈ ነገር ጎበዝ ሆኜ ልያዝ ነው። ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። «ይሄኛው የባልደረባው እጅ ጥሩ ስለሆነ ነው... ከዚህ በታች ግን ተበላሽቷል» አልኩና ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ መንተባተብ ጀመርኩ። «እ...ግ...ዚ...አብ...ሔር...» አንድ ቃል ለማውጣት እንደ አባባ ነገሬ ተወዛወዝኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። ያንን ያየ ሰው ተማሪ መሆኔን አይጠራጠርም። ብቻ ጣቴ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የእኔ ንግግር ገና መቃብሩ ላይ ነበር። ገልብጬ ባዶውን ጀርባ ትንሽ አነበብኩለት።

ስለ ልጅህ አልጠየቀኝም። አሁን ገባኝ፤ ያኔ በንዴት ቢጠራትም አሁን እሷን ማሳደድ አይፈልግም። ብትያዝና ከፍተኛው ላይ ቀርባ ብትናገር፣ ምስጢሩን ሁሉ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስትጽፍለት መክረሟ ይወጣል። «ለለቅሶ አገር ቤት ሄዳለች» ብሎ ራሱ ለከፍተኛው አስመዝግቧል።

ወረቀቱን መለሰልኝ። በሩን ሊከፍት ሄዶ እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» አለኝ።

«ብዙም አይደለም» አልኩት። መመካት አልቻልኩም። «ጥሩ አስተማሪ ነበረችኝ።»

ሳይመልስ ከፈተልኝ። ቤቴ ስደርስ ደብዳቤህን አቃጠልኩት። ሳላቃጥለው ግን ደግሜ አነበብኩት፤ በልቤ። ከዚህ በኋላ በባልደረባህ ስም ብቻ ጻፍ። ያንተን ባልደረባ ወድጄዋለሁ፤ ጨዋ ሰው ነው።

መኳንንት


የካቲት 22 ቀን 1973 ዓ.ም.
ጅቡቲ
በእጅ፣ በጀላል በኩል

ለጋሽ መኳንንት፤ የሟች የሥራ ባልደረባ እንደጻፈው፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ ለሁላችሁም።

ትናንት ጠዋት የመጀመሪያውን ዳቦ ሳወጣ አንድ የተላጨ ልጅ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ በፀሐይ ተልጧል፤ አንድ እግሩ በጨርቅ ታስሯል፤ ሰፊ ካፖርት ለብሷል። ሥራ የሚጠይቁ ብዙ ይመጣሉ። ቀና ብዬ ሳላይ «ሥራ የለም፤ ዳቦ ግን ውሰድ» አልኩትና አንድ ወረወርኩለት። ያዘው። አልሄደም። ዳቦውን ይዞ ቆመ።

«ለሞተ ሰው ደህና ትጋግራለህ» አለኝ።

ድምፁን ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልህም። የዚያን ዕለት ሰፈሩ የበላው ዳቦ በሙሉ የተቃጠለ ነው፤ የተቆጣ የለም።

ኬላው እውነት ነበር። ነጋዴዎቹ ሲበታተኑ ከአንዲት ግመል ከምትነዳ ሴት ጋር ቀርታ፣ እግሯ ቆስሎ፣ በሴትዮዋ መንደር ተኝታ ቆይታ ነው የዘገየችው። ሴትዮዋ ሴት ልጅ መሆኗን ወዲያው አውቃ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ልጅቷ አሁን ጆንያ ላይ ተኝታለች። ስትተኛም ካፖርቱን አላወለቀችም። ፀጉሯ ትንሽ ትንሽ መብቀል ጀምሯል።

ትናንት ማታ ነቃ ስትል የመጀመሪያ ቃሏ «ለወይዘሮ ጉዲቱ ንገሩልኝ» ነበር። ሁለተኛው «ጋሼን መቱት?» ነው። ትንሽ ብዬ ነገርኳት።

ይህን ወረቀት ጀላል በራሱ እጅ ያድርስልህ።

ባልደረባው


የካቲት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.
ኮልፌ
በጀላል እጅ

ለሟች ባልደረባ፣ እሱም ለሟች ያንብብለት፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጽሕፈቴ ቢበላሽ ከደስታ መሆኑን እወቅልኝ።

ከትናንት በስቲያ ተዝካርህ ነበር። አርባህ ጾም ውስጥ ዋለና በሽሮና በምስር ሸኘንህ። ለአንተ ዓይነት ሥጋ ወዳድ ሰው ያሳዝናል፤ ግን ወጡ ጥሩ ነበር፤ እኔ ሁለቴ አስጨምሬያለሁ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። አባባ ነገሬ ስለ አንተ ደግነት ተናገሩ፤ አንድም ቀን አላዩህም። ገብረማርያም ከእናቱ ጋር መጥቶ ከእኔ ጎን ተቀመጠ። እኔ ፊቴን የሐዘን አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ልቤ ግን ስለ ኬላው ከሰማ ጀምሮ እንደ ድንጋይ ነበር። የአንተን ተዝካር የምበላው እኔ ነኝ፤ የእሷ ቢሆንስ እያልኩ።

ጀላል ከመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ ገባ። ለሐዘንተኛ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። ሲስመኝ ጆሮዬ ላይ «ደርሳለች፤ አባቷ ጋ ናት» አለኝ። ወረቀቱን ከጋቢዬ ሥር አስገባልኝ።

ተክሌ፣ አንተ ከሞትክ ጀምሮ ያን ያህል አላለቀስኩም። ልስቅ ነበር የፈለግሁት፤ የወጣው ግን ለቅሶ ሆነ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ገብረማርያም ክንዴን ይዞ «በቃ ጋሼ፣ በቃ። ለአክስትህ ልጅ እንዲህ ታለቅሳለህ?» አለኝ። ድምፁ እውነተኛ ነበር። ይህን መካድ አልችልም። እኔም ራሴን ነቀነቅሁለት።

ከሴቶቹ መሐል ወይዘሮ ጉዲቱ ፊቴን አይታ ነበር፤ የጀላልንም አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዕልልታ ሊያመልጣት መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወዲያው ነጠላዋን ተከናንባ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ አብረው ተነሡ። በሕይወት እያለ እንዳንተ ያማረ ለቅሶ ያገኘ ሰው የለም።

አቶ ቡልቻ ምርኩዛቸውን ይዘው በሕዝቡ መሐል ወደ እኔ መጡ። አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አድርገው «ምንድነው?» አሉ።

«ገብታለች» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ከዚያ ቀና ብለው ለሕዝቡ ጮክ ብለው «እግዚአብሔር የሟችን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑር። ብሉ፣ ጠጡ» አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። ገብረማርያምም አሜን አለ።

ሊቀመጡ ሲሉ እንደገና ወደ እኔ ጎንበስ አሉና በሹክሹክታ «ለሟች ሰላም በልልኝ» አሉኝ።

ሰላም ብለውሃል።

ወንድምህ መኳንንት